ዳገት ላይ ብቻ የምትንቀጠቀጠው ቪትዝ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ትንቀጠቀጣለች። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርድ ግን ምንም አትልም።

ችግሩ በዚህ በሁለት መስመር ያለቀ ነበር። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል። የወረታው መምህር ግን ይህንኑ ሦስት ወር ሙሉ ላገኘው ሁሉ ሲናገር ከረመ፤ የሰማው አልተገኘም። በእነዚያ ሦስት ወሮች ከመኪናዋ ላይ ብዙ ዕቃ ተፈታ፣ ብዙ ብር ወጣ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሃያ ዓመት ጉርብትና ሊፈርስ ደረሰ።

መኪናዋ ቪትዝ ናት። መምህሩ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ተዋጥቶ ነው የገዛት። አንደኛው ወንድም ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያመርታል፤ የሁለት ዓመት የሩዝ ገንዘቡ እዚህች መኪና ውስጥ ገብቷል። በሥራ ቀን መምህሩን ታመላልሳለች፤ ቅዳሜና እሁድ ኮንትራት ትሠራለች። ሙሽራ ትይዛለች፣ ለቅሶ ታደርሳለች፣ በሽተኛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ ትወስዳለች። እንዲህ ያለች መኪና ለአንድ ቤተሰብ እንደ እርሻ በሬ ናት። በሬው ሲያነክስ እርሻው ይቆማል።

መጀመሪያ የመጣው መንቀጥቀጥ አልነበረም። ድምፅ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ መሪ አጥፋ አድርጎ ነዳጅ ሲሰጣት ከፊት በግራ በኩል “ጧ ጧ ጧ” ማለት ጀመረች። የፎገራን ክረምት የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ከዋናው አስፋልት የወጣ መኪና ሁሉ በጥቁር ጭቃና በውሃ ውስጥ ነው የሚሄደው። የሻፍቱን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ ጭቃው ይገባል፣ ግሪሱ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል።

ጎረቤቱ መካኒክ አይቶ “ሻፍቱ ይቀየር” አለ። መካኒኩና መምህሩ የጊዮርጊስን ጽዋ አብረው የሚጠጡ ማኅበርተኞች ናቸው። ገንዘቡ ተሰጠ፤ መካኒኩ ራሱ በሰው አስመጥቶ ሙሉ አዲስ ሻፍት ገጠመ። የ“ጧ ጧ” ድምፁ ጠፋ። ምስጋና ተሰጠ፣ ቡና ተጠጣ።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ አራት ሰው ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ዳገቱ እንደ ጀመረ መኪናዋ ከወገቧ ግራና ቀኝ መርገብገብ ጀመረች። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ “ልጄ፣ ጎማው ሊወልቅ ነው እንዴ?” ብለው እስኪጠይቁ ድረስ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአገራችን ጋራዦች በየቀኑ የሚሆነው ነው። ጎማው ነው ተባለ፤ ባላንስ ተደረገ። አልተወም። በሌላ ቦታ እንደገና ባላንስ ተደረገ። አልተወም። ቸርኬው ታጥፏል ተባለ፤ አንድ ቸርኬ ተገዛ። አላይመንት ተሠራ። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ደክሟል ተባለና እሱም ተቀየረ። እያንዳንዱ ጥገና ሲያልቅ መኪናዋ ወረታ ከተማ ውስጥ ትሞከራለች፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው፤ “ደህና ሆናለች” ይባላል። ቅዳሜ ሲደርስ ዳገቱ ላይ ያው ነው።

መምህሩ በመጨረሻ የደረሰበት ድምዳሜ መካኒካዊ አልነበረም። ቡና ላይ አንድ ሰው “ለኦሪጅናል ከፍለህ ፎርጅድ ገጥሞልህ ይሆናል” አለው። ሰውየው ይህን ያለው መኪናዋን ሳያያት ነው። ቃሉ ግን ገባ። በቀጣዩ የጊዮርጊስ ማኅበር መምህሩ አልተገኘም። በሁለተኛውም ወር ቀረ። መካኒኩም ለምን እንደቀረ ሰማ፤ ወረታ ትንሽ ከተማ ናት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርጎ ሻፍት ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ይህን ቢያውቁ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ባልተጣሉም ነበር።

እንደ ቪትዝና እንደ አብዛኞቹ አዳዲስ ኮሮላዎች ባለ መኪና ሞተሩ የሚገፋው የፊት ጎማዎችን ነው። ከካምቢዮው ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ አንዳንድ ሻፍት ይወጣል። ይህ ሻፍት ከባድ ሥራ አለበት። ኃይል እያስተላለፈ፣ ጎማው በመሪ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር አብሮ መታጠፍ፣ ጉድጓድ ሲገባም አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አለበት። ለዚህ ሲባል በሁለቱም ጫፎቹ መገጣጠሚያ አለው፤ መካኒኮች ሲቪ ጆይንት የሚሉት ነው።

በጎማው በኩል ያለው በውስጡ ስድስት ብረት ኳሶች አሉት። በአሜሪካ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ዓይነት ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ ይህን ዓይነት መገጣጠሚያ በብዛት ከተጠቀመች በኋላ፣ ፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ዓለምን እያዳረሰ ሄደ። በካምቢዮው በኩል ያለው መገጣጠሚያ ግን ሌላ ነው። ሦስት እግር ያለው ብረት ነው፤ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት አለ፤ ቀለበቶቹ በሦስት ቦዮች ውስጥ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ። ጎማው ሲነሳና ሲወርድ ሻፍቱ ማጠርና መርዘም የሚችለው በእነዚህ ቦዮች ነው።

ሁለቱ መገጣጠሚያዎች ሲታመሙ የሚናገሩት ቋንቋ የተለያየ ነው። የውጪው ሲያረጅ ድምፅ ያሰማል፤ መሪ አጥፈው ነዳጅ ሲሰጡ “ጧ ጧ” ይላል። የውስጠኛው ሲያረጅ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ያንቀጠቅጣል። ቦዮቹ ተበልተው ትንሽ ከጎደጎዱ ቀለበቶቹ በነፃነት መንሸራተታቸውን ትተው ይያዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይያዛሉ። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ይህ ሦስት ጊዜ ይሆናል። የቪትዝ ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሴኮንድ 9 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ስለዚህ በሴኮንድ 27 ጊዜ ገደማ መኪናዋ ወደ ጎን ትገፋለች ማለት ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ላይ የሚሰማው ይህ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ሻፍቱ የሚገፋው ጭነት ሲኖርበት ብቻ ነው። ነዳጅ ሲሰጡ ኃይል በሻፍቱ ያልፋል፤ ነዳጁን ሲለቁ ኃይሉ ይቀንሳል፣ መንቀጥቀጡም ይቆማል ወይም በጣም ይለዝባል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሳይሰጡ መሄድ አይቻልም። ቁልቁለት ላይ መኪናዋ በራሷ ትወርዳለች። የመምህሩ ሁለት መስመር ውስጥ መልሱ ነበር።

ጎማ እንዲህ አያደርግም። ባላንሱ የተዛባ ጎማ ዳገትና ቁልቁለት አይለይም፤ ነዳጅ ተሰጠ አልተሰጠ ግድ የለውም። የሚያውቀው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ላይ ሲሆን መሪው ላይ ይሰማል። የሞተር ችግር ከሆነ ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ነፃ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጥም ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የፍሬን ዲስክ ነገር ነው። ስለዚህ ከ“ምን ይቀየር?” በፊት የሚጠየቀው “መቼ?” ነው። በስንት ፍጥነት? ነዳጅ ሲሰጥ ወይስ ሲለቀቅ? ቀጥ ብሎ ሲሄድ ወይስ ሲታጠፍ? ባዶውን ወይስ ሰው ሲጭን?

ይህ ለቪትዝ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል የሚመላለሰው ሚኒባስ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ሻፍት ክሮቸራ አለው። ክሮቸራ ሲላላ ማርሽ ሲገባ “ጓ” ይላል፤ ከዚያም ፍጥነት ሲጨምር ያንቀጠቅጣል። ያ ሻፍት ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ገደማ ስለሚዞር መንቀጥቀጡ ደቃቅና ፈጣን ነው፤ ከወለሉ በታች እንደ ማጉረምረም ይሰማል። የጎማው ግን ዘገም ያለና የሚያወዛውዝ ነው። አሮጌ ሾፌሮች ይህን በእግራቸው ጫማ ይለዩታል።

የጋራዥ ቋንቋችንም የራሱን ታሪክ ይናገራል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቸራ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው። ሲቪ ጆይንት ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ወደ እኛ የመጣው ከጊዜ በኋላ በመሆኑ። በክሮቸራ ዘመን የሠለጠነ መካኒክ ለክሮቸራ ጆሮ አለው። የሲቪ ጆይንቱን ጠባይ ግን ራሱ እየተሳሳተ፣ በደንበኛው ገንዘብ ነው የተማረው። የመምህሩ ጎረቤትም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ማኅበርተኞቹ ሁለት ወር ከታገሡ በኋላ ሽማግሌ ላኩ። ከሦስቱ ሽማግሎች አንዱ በደርግ ዘመን ኤንትሬ ይነዱ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ቻይናዎች በዚያው በደርግ ዘመን የሠሩት ከወረታ በደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ አዲስ በነበረበት ጊዜ እህል ጭነው የተመላለሱበት ናቸው።

መምህሩ ቅሬታውን ተናገረ። መካኒኩም ተናገረ፤ “ከተሰጠኝ ብር አንድ ሳንቲም አላስቀረሁም” አለ። ሌሎቹ ሽማግሎች ስለ ይቅርታ ማውራት ጀመሩ። ኤንትሬ ነጂው ግን አቋረጡ።

“ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች አልክ። ስትወርድስ?”

“ስወርድ ምንም የለባትም።”

“ነዳጅ ሳትሰጣት?”

“እንዲያ ነው።”

አዛውንቱ ወደ መካኒኩ ዞሩ። “ታዲያ ባላንስ ምን ያደርግላታል?” አሉት። መካኒኩ መልስ አልነበረውም። ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ግን ጉዳዩን ፈታው። “አሮጌው ሻፍት የት አለ?”

መካኒኩ በተገጠመ ዕለት ለመምህሩ እንደሰጠው ተናገረ። መምህሩ አላስታወሰም። ያስታወሰችው ባለቤቱ ናት፤ “ያ ብረት እንደሆነ ጓሮ አለ፤ የዶሮ ቤቱን በር የምንደግፍበት” አለች። በማዳበሪያ ተጠቅልሎ፣ ሦስት ወር ዶሮ ሲጠብቅ ከርሟል።

በማግሥቱ የተደረገው ሙከራ በማንኛውም ጋራዥ ሊደረግ የሚችል ነው። የሚጠይቀው ክሪክ፣ ጥቂት መፍቻና ትዕግሥት ብቻ ነው። የወረታ ሰው ደግሞ ለዚህ ዕድለኛ ነው፤ በደቡብ በኩል ወደ ሐሙሲት የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 900 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የመኪና መመርመሪያ አይገኝም።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ሄዱ። ቀጥ ባለው መንገድ መምህሩ 60 ላይ አድርሶ ነዳጁን አጥብቆ ረገጠ፤ ተንቀጠቀጠች። ለቀቀ፤ ጸጥ አለች። ደግሞ ረገጠ፤ ተንቀጠቀጠች። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ፣ ሦስቱም ያው ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ወደ ፊት ተቀየሩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ጎማና ቸርኬ ከጥፋቱ ነፃ ወጡ። ሦስት ሰው ከኋላ ተጭኖ ሲሞከር ደግሞ ትንሽ ባሰባት። ይህም ምክንያት አለው፤ ኋላ ሲከብድ ፊቷ ከፍ ይላል፣ የሻፍቱ ማጠፊያ ይጨምራል፣ የተበላ መገጣጠሚያም ይብስበታል።

በመጨረሻ አሮጌው ሻፍት ታጠበ፣ አዲስ ግሪስ ገባለት፣ የተቀደደው ሽፋኑ ለጊዜው ታሰረ፣ ተገጠመ። ወደ ዓለም በር አቅጣጫ ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። መንቀጥቀጡ የለም። መዞሪያ ላይ መሪ ሲታጠፍ ግን የዱሮው “ጧ ጧ” ተመልሶ መጣ።

ሁለቱም ነገር በአንድ ቀን ተገለጠ። አሮጌው ሻፍት የታመመው በውጪው ጫፉ ብቻ ነበር፤ የውስጡ ጤነኛ ነበር። አዲሱ በውጪው ጤነኛ ሆኖ በውስጡ የታመመ ነው። መኪናዋ እንድትንቀጠቀጥ ያደረጋት ጥገናው ራሱ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሁሉም ሰው አዲሱን ሻፍት “እሱ እንኳ አዲስ ነው” እያለ እያለፈው ሌላ ሌላውን ሲፈታ ከረመ።

አዲሱ ሻፍት ተፈትቶ ከአሮጌው ጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ በእጅ ይታወቅ ነበር። የአሮጌው ቀለበቶች በቦያቸው ውስጥ ልክክ ብለው ይንሸራተታሉ። የአዲሱ ይንቀጫቀጫሉ። የጃፓን ፋብሪካ ከዓመታት በፊት የሠራው ብረት ትናንት ከካርቶን ከወጣው ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገው መፍትሔ ከመጀመሪያው ጥገና የረከሰ ነው። የውጪው ጆይንት ብቻውን ከነሽፋኑና ከነግሪሱ ተገዝቶ በአሮጌው ሻፍት ላይ ተገጠመ። ድምፁም መንቀጥቀጡም ሄደ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

መካኒኩ አላጭበረበረም፤ ይህ በሽማግሎች ፊት ታየ። ግን ከጥፋት ነፃ አይደለም። አንድ ጫፍ ሲታመም ሙሉውን ቀየረ፤ ከገጠመም በኋላ ዳገት ላይ አልሞከረም። ሲጠየቅ ደግሞ የራሱን ሥራ ከመጠርጠር ይልቅ ሌላ ዕቃ መፍታትን መረጠ። መምህሩም ነፃ አይደለም። ጥርጣሬውን ይዞ ወደ መካኒኩ መሄድ ሲገባው ወደ ቡናው ወሰደው። ዕቃውን የሸጠው የከተማ ሱቅ ደግሞ ሲጠየቅ የመለሰው ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።”

እዚህ ላይ ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ደረሰኝና ፈጣን ምርመራ። መካኒኩ ደረሰኝ አልተቀበለም፤ ምርመራው ደግሞ ሦስት ወር ፈጀ። ባላንስ ሲደረግ፣ ቸርኬ ሲገዛ 15ቱ ቀን አለፈ። በግምት የሚደረግ ጥገና የሚያባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መብትንም ያባክናል።

ነገሩ ዛሬ ከዱሮው የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጤቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች የሚተኩ አይደሉም፤ እየተጠገኑ የሚኖሩ ናቸው። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። ዋጋው ሲወጣ ርካሹ ዕቃ ገበያውን ይሞላል፤ ካርቶኑ ከታዋቂ ስም ጋር ይመጣል፣ ውስጡ ሌላ ይሆናል። በክልሉ መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ዕቃ ለመመለስ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ እንኳ ቀላል አይደለም።

ኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ያድነናል የሚል ካለ ይሳሳታል። ኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላና የሞተር ዘይት የለውም፤ ሻፍትና ሲቪ ጆይንት ግን አለው። እንዲያውም ከባድ ነው፤ ኃይሉንም እግር እንደነካው በአንድ ጊዜ ይለቃል። የፎገራ ጭቃ ደግሞ የሽፋን ጎማውን ሲቀድ ከላይ ያለው ሞተር በነዳጅ ይሥራ በባትሪ አይጠይቅም።

ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ከወረታው ጉዳይ የሚወስደው ጥቂት ነገር አለ። በየዘይት ቅያሬው ከፊት ጎማዎች ጀርባ ጎንበስ ብሎ የሻፍቱን የጎማ ሽፋን ማየት። የተቀደደ ሽፋን በጊዜ ከተቀየረ ሻፍቱ ይተርፋል። መኪናን ለገጠር መንገድ ተብሎ ከሱስፔንሽኑ ላይ ማሳደጊያ አስገብቶ ከፍ ማስደረግ የሻፍቱን ማጠፊያ እንደሚጨምርና ዕድሜውን እንደሚያሳጥር ማወቅ። መኪናን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ነዳጅ በመስጠት “ይኸው ይንቀጠቀጣል” የሚለውን ምርመራ አለማመን፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሻፍቱ ከልኩ በላይ ስለሚታጠፍ ጤነኛውም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። “ጧ ጧ” የሚልን ጆይንት ደግሞ ለወራት ይዞ አለመሄድ፤ መንገድ ላይ ከተሰበረ መኪናው ኃይል አጥቶ ይቆማል፣ ዳገት ላይ ከሆነም አደጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አሮጌውን ዕቃ አለመጣል ነው። ጥገና ተደርጎ አዲስ ችግር ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጨረሻ የተነካው ነው። አዲስ ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። አዲሱን የሚመዝን ሚዛን ደግሞ አሮጌው ብቻ ነው። አሮጌው ከተጣለ የሚቀረው የሰው ቃል ነው፤ በሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ክርክር ደግሞ በጠብ ያልቃል። ይህ ከጋራዥ ውጪም የሚሠራ ይመስላል። እኛ አገር አንድ ነገር አልሠራ ሲል ሰው እንቀይራለን፣ ስም እንቀይራለን፣ መዋቅር እንቀይራለን፤ መቼና በምን ጭነት እንደሚንቀጠቀጥ ግን አንጠይቅም። የነበረውንም ስለምንጥለው አዲሱ ይሻል ይባስ የምናወዳድርበት አይኖረንም።

መምህሩ በቀጣዩ የጊዮርጊስ ማኅበር ተገኘ። መካኒኩ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ መካኒኩም የባላንሱንና የቸርኬውን ወጪ ግማሽ እከፍላለሁ አለ፤ መምህሩ አልቀበልም አለ፤ ሽማግሎቹ ተቀበል አሉት። በሁለቱ መካከል እንደ ዱሮው የሆነ ነገር አለ ለማለት ግን ገና ነው፤ የተነገረ ነገር እንደ ሻፍት ተፈትቶ አይወጣም። መካኒኩ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዟል፤ ከየትኛውም መኪና ላይ የፈታውን ዕቃ ሒሳብ ሳይቀበል በፊት በባለቤቱ እጅ ያስይዛል፣ “አትጣለው” ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው ዳገቱን ወጥተው ይመለሳሉ።

ቪትዟ አሁን ደብረ ታቦር ትመላለሳለች። የመምህሩን የዶሮ ቤት በር የሚደግፈው ደግሞ አዲሱ ሻፍት ነው።